ለመድረኩ ጭብጨባ፣ ለልምምዱ ባዶ ኪስ!

የጎጃም ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ዘፈን አውራጅ አለው፤ ዘፈን ተቀባይ አለው። አውራጁ አንዴ ጥሎ ትንፋሹን ሲሰበስብ ዜማውን መሬት እንዳይወድቅ ተሸክሞ የሚያቆየው ተቀባዩ ነው። ተቀባይ ያጣ አውራጅ ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን እንደሚጣራ እረኛ ነው፤ የሚመልስለት የራሱ ድምፅ ብቻ ነው። ታዲያ ይህን ሁላችን እያወቅን፣ የአውራጁ ስም በፖስተር ላይ ሲለጠፍ፣ የተቀባዩና የተወዛዋዡ ስም የት ይገባል? ስሙስ ይቅር። ላቡስ የት ይገባል?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ እነዚህ ሰዎች ነው። በየወረዳው፣ በየዞኑ «የባህል ቡድን» ወይም «አማተር የኪነት ክበብ» እየተባሉ ስለሚጠሩት፣ በዓል በመጣ ቁጥር «ኑ ተዘጋጁ» ተብለው ስለሚሰበሰቡት፣ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ «በሉ እግዜር ይስጥልን» ተብለው ስለሚበተኑት ወጣቶች። ከመራዊ እስከ ቡሬ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለውን መንገድ ለሥራ ተመላልሼበታለሁ። በየከተማው አዳራሽ ሲለማመዱ አይቻለሁ። ያየሁት ነገር በአንድ ጽ/ቤት ወይም በአንድ ኃላፊ ክፋት የመጣ ቢሆን ኖሮ ስም ጠርቼ በገላገልኩ። ችግሩ ግን አሠራር ሆኖ፣ ባህል ሆኖ፣ ማንም የማያፍርበት ልማድ ሆኖ ተቀምጧል።

ልምምድ ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?

መድረክ ላይ የምናየው 15 ደቂቃ ነው። ከ15 ደቂቃው ጀርባ ግን ስንት ቀን አለ? እስቲ ቀላል ሂሳብ እንሥራ። አንድ ቡድን ለአንድ በዓል በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ለ5 ሳምንት ይለማመዳል እንበል። ይህ ለአንድ ሰው 90 ሰዓት ነው። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ስናካፍለው ከ11 ቀን በላይ ይሆናል። በቡድኑ ውስጥ 25 ልጆች ካሉ ደግሞ 281 የሰው ቀን መጣ ማለት ነው። አንድ ጽ/ቤት 281 የቀን ሠራተኛ አሠርቶ «በርቱ ልጆች» ብሎ ቢያሰናብት አገር ይታመስ ነበር። ተቀባይና ተወዛዋዥ ሲሆኑ ግን ነገሩ «ፍቅር» ይባላል፤ «ተሳትፎ» ይባላል።

የጎጃምን እስክስታ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ዓይነት ድካም እንደሆነ ይገባዋል። ትከሻ እስኪዝል፣ አንገት እስኪደነድን፣ ጉልበት እስኪንቀጠቀጥ የሚሠራ ነገር ነው። ሃያ ትከሻ እንደ አንድ ትከሻ እስኪመታ ድረስ «እንደገና!» ይባላል። ከበሮ መቺው መዳፉ ይላጣል። ተቀባዩ ጉሮሮው ይሰነጠቃል። እኔ ባየኋቸው አዳራሾች ወለሉ ደረቅ ሲሚንቶ ነው፤ ልጆቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው። የሚጠጣ ውኃ የሚያመጣው ከልጆቹ አንዱ ነው፤ በቢጫ ጀሪካን፣ ከቤቱ። ለሻይ የሚሆን ሳንቲም ከተገኘም አሠልጣኙ ከኪሱ አውጥቶ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚከፈለው እንደ ዕድሉ ነው። ቁርጭምጭሚቷ የዞረባት ልጅ «አርፈሽ ነይ» ትባላለች። ወጌሻ ጋ የምትሄደው በእናቷ ገንዘብ ነው።

እነዚህ ልጆች ሥራ ፈቶች እንዳይመስሏችሁ። ግማሾቹ ተማሪዎች ናቸው። ሌሎቹ በገበያ ቀን ተሸክመው፣ ባጃጅ ነድተው፣ በበርበሬ ለቀማና በበቆሎ ሸልፈቃ የቀን ሙያ ይዘው የሚያድሩ ናቸው። ልምምድ ሲመጡ ያንን የቀን ገቢ ትተው ነው የሚመጡት። እና በነፃ ሠሩ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ከፍለው ሠሩ ማለት ይቀላል።

በዓሉ ደርሶ ቡድኑ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ሌላ ከተማ ሲንቀሳቀስ ያን ጊዜ «አበል» የሚባል ነገር ይነሳል። ይነሳል እንጂ! ግን አበሉ የተሰላው ለጉዞው ቀን ነው፤ ለልምምዱ ሳምንታት አይደለም። ደግሞም ከልጆቹ ጋር «አስተባባሪ» ተብሎ የሚሄደው ሹም ውሎ አበሉ በደረጃው ልክ፣ በፊርማና በማኅተም ይወጣለታል። ያልዘፈነው በደረሰኝ ይከፈለዋል፤ የዘፈነው «ትንሽ ታገሱ፣ ሂሳብ ክፍል ጋ ነው» ይባላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላል ያገሬ ሰው። የኛ ሹሞች ተረቱን ገልብጠውታል፤ ሸክሙን ለሃምሳው ሰጥተው ጌጡን አንድ ሰው ወስዷል።

መንግሥት ሲለወጥ ግጥሙ ይለወጣል

ይህ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በደርግ ዘመን በየቀበሌው፣ በየአውራጃው፣ በአኢወማ ሥር «ኪነት» ተቋቁሞ ነበር። ዕድሜው የደረሰ አንባቢ ያስታውሳል። ጎጃም ግሽ ዓባይን፣ ወሎ ላሊበላን፣ ጎንደር ፋሲለደስን ይዞ ነበር። ከእነዚያ መድረኮች እስከ ዛሬ የምናደንቃቸው ድምፃውያን ወጥተዋል። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ የባህል ቡድን ከየክፍለ ሀገሩ በተውጣጡ ልጆች ተሞልቶ አውሮፓንና አሜሪካን ዞሮ፣ በ1977ቱ ድርቅ እጁን ለዘረጋልን ዓለም ምስጋና አድርሶ ተመልሷል። የአገር ስም ያስጠራው ማን ነበር? ሚኒስትሩ? አይደለም። ተቀባዩና ተወዛዋዡ ነው።

ነገር ግን በየቀበሌው የነበረው ልጅ ሲለማመድ ይነገረው የነበረው «ለአብዮቱ ነው» የሚል ነበር። 1983 መጣ፣ አብዮቱም ሄደ፣ ኪነቱም ተበተነ። ኢሕአዴግ ደግሞ የራሱን በዓላት ይዞ መጣ። ግንቦት 20 ነበረ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ተብሎ በየዓመቱ መከበር ያዘ። ያን ጊዜ የተባለው «ለልማቱ ነው» የሚል ነበር። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ሌላ ቃል ተገኘ። ልብ በሉ፤ ግጥሙ በየመንግሥቱ ይለወጣል፤ ሂሳቡ ግን አይለወጥም። ሦስት ሥርዓት ተፈራርቆ በአንድ ነገር ብቻ የተስማማ ቢኖር በዚህ ነው፤ ተቀባይ አይከፈለውም!

«በኛ አገር ዘፈን እንደ ሥራ አይቆጠርም» የሚል መልስ ይመጣል። ውሸት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቴአትር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ አሉ። በቅጥር፣ በደመወዝ የሚሠሩ ድምፃውያንና ተወዛዋዦች አሏቸው። ደመወዙ በቂ ነው አልልም፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ክቡር ዘበኛም ፖሊስም ሙዚቀኞቻቸውን በማዕረግና በደመወዝ ይዘው ነው ኦርኬስትራ የሠሩት። ስለዚህ መንግሥት ዘፈን ሥራ መሆኑን ያውቃል። የማያውቀው ከአዲስ አበባ ሲወጣ ነው!

ወደ ኋላም እንሂድ። ጎጃም የቅኔና የዜማ አገር ነው እንላለን፤ እንኮራበታለንም። ታዲያ ያ ዜማ እንዴት ኖረ? በነፃ? ደብተራው በሰሞኑ ተራ ጠብቆ፣ ሌሊቱን በማኅሌት በመቋሚያ ተደግፎ የሚያድረው፣ አገልግሎቱ ከመሬት ጋር የተሳሰረ ስለነበረ ነው። ያገለገለ መሬት ይበላ ነበር፤ አገልግሎቱን የተወ መሬቱን ያጣ ነበር። ያ ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቀረ። ይመለስ ማለቴ አይደለም። ግን ነጥቡ ግልጽ ነው። ያልተማሩ የምንላቸው አባቶቻችን ቆሞ የሚያዜም ሰው መብላት እንዳለበት ያውቁ ነበር። እኛ ዲግሪ ጭነን ረሳነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 61 የሥራ ሰዓትን ሲተረጉም፣ ሠራተኛው ሥራውን የሚያከናውንበት ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ ነው ይላል። ከዚህ በላይ ልምምድን የሚገልጽ ምን ቃል አለ? መደበኛው ሰዓትም በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በሕዝብ በዓል ቀን የሚሠራ የትርፍ ሰዓት በመደበኛው ክፍያ 2 ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል ይላል። ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆነ ወጣት ሠራተኛ ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠራ፣ በሕዝብ በዓልም እንዳይሠራ ይከለክላል።

አሁን የኛን የባህል ቡድን አስቡ። አብዛኛው ልጅ የዚህ ዕድሜ ልጅ ነው። የሚጠራውም ለሌላ ለምንም ሳይሆን ለበዓል ቀን ነው!

እዚህ ላይ የጽ/ቤቱ ሰው ፈገግ ይላል። «አንተ ጋዜጠኛ፣ እነዚህ ልጆች እኮ ሠራተኞች አይደሉም። ውል የላቸውም። ደመወዝ የላቸውም። አዋጁ አይመለከታቸውም» ይላል። በወረቀቱ ላይ ብቻ ካየነው መልስ አለው። አዋጁ የሥራ ውል የሚለው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በሌላ ሰው መሪነት ለመሥራት ሲስማማ ነው። ግን ብልሃቱን አያችሁት? ደመወዝ ስላልተከፈላቸው ሠራተኛ አይደሉም፤ ሠራተኛ ስላልሆኑ ደመወዝ አይከፈላቸውም። እንደ እባብ ራሱን በጅራቱ የነከሰ ነገር ነው። መሪነቱ ግን አለ። «በ9 ሰዓት ተገኙ» የሚል አለ፤ «ቀርተሃልና ከጉዞው ተሰርዘሃል» የሚል አለ፤ ልብሱን፣ እርምጃውን፣ ግጥሙን ወስኖ የሚሰጥ አለ። ከሠራተኛ የጎደላቸው ክፍያው ብቻ ነው። ያጎደለው ደግሞ አሠሪው ነው!

ሌላም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ ለሚለው ሰው መብት ሰጥቷል። ከዋኝ ማለት ዘፋኝም፣ ሙዚቀኛም፣ ተወዛዋዥም ነው። ክወናውን መቅረጽና ማሰራጨት ፈቃዱን ይጠይቃል። የልጆቹ ጭፈራ ተቀርጾ በየበዓሉ በቴሌቪዥን ሲደጋገም፣ በየስልኩ ሲዞር ፈቃዳቸውን በወረቀት የጠየቀ ማን ነው? ከነአካቴው መብት እንዳላቸው የነገራቸውስ ማን ነው?

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርጋል?

በፈረንጅ አገር ኦፔራ የሚባል ነገር አለ። ከአውራጁ ኋላ ከ40 እስከ 80 ሰው ሆኖ የሚቀበል ማኅበር አለው፤ እነሱ «ኮረስ» ይሉታል። ሥራው ከኛ ተቀባይ ሥራ አይለይም። የአሜሪካ ተቀባዮችን፣ ተወዛዋዦችንና ድምፃውያንን የሚወክለው የሠራተኛ ማኅበር በፈረንጆቹ 1936 ተመሥርቷል። ከዚያ ወዲህ የልምምድ ሰዓት፣ የዕረፍት ደቂቃ፣ ሰዓት ሲያልፍ የሚጨመረው ክፍያ በኅብረት ስምምነት የሚጻፍ ነገር ሆኗል። ልምምድ ከመድረክ ተለይቶ «ጨዋታ» የሚባልበት ዘመን በትግል አለፈ።

እዚያም ቢሆን ማር አይዘንብም። በፈረንጆቹ 2016 የለንደኑ ኢንግሊሽ ናሽናል ኦፔራ የተቀባዮቹን ቁጥር ከ44 ወደ 40 ለመቀነስ፣ ክፍያቸውንም በሩብ ለመቁረጥ ተነስቶ ነበር። ተቀባዮቹ ምን አደረጉ? ድምፅ ሰጡ። ስለ ግብፁ ፈርዖን አክናተን በሚታየው ኦፔራ በአንዱ ምሽት የመጀመሪያውን ክፍል አንዘፍንም አሉ። ቲያትር ቤቱ ያኔ ነው ተቀባይ ከሌለ ፈርዖን እንኳ ባዶ ቤት እንደሚነግሥ የገባው። ተደራደሩ፣ ተስማሙ፤ አድማውም ቀረ። ያሰቡትን ሁሉ አላገኙም፤ የሰጡትም ነገር አለ። ግን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እንደ ሰው ተነጋገሩ። በ2020 ኮሮና ሲገባ ደግሞ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ተቀባዮቹን ለወራት ያለ ደመወዝ አሰናብቷል። ሀብታም ቤት እንኳ በክፉ ቀን መጀመሪያ የሚቆርጠው የተቀባዩን እንጀራ ነው። ልዩነቱ እነሱ የሚጮህላቸው ማኅበር አላቸው። የኛዎቹ የላቸውም።

በጥይት ድምፅ መሐል ከበሮ

ይህን ጉዳይ አሁን ለምን አነሳህ የሚል ይኖራል። «አገር ሲታመስ አንተ ስለ እስክስታ ታወራለህ?» ሊባል ይችላል። ለዚያ ነው የማነሳው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል ምን እንደሆነ መንገር አይጠበቅብኝም። መራዊ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ምን እንደደረሰባት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የፀጥታ ኃይሎች ተገድለዋል ብሎ አውጥቶታል። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ አንዲትን የ17 ዓመት ልጅ «ለበዓሉ ልምምድ አለ ነይ» ማለት ከዚህ በፊት እንደነበረው ቀላል አይደለም። ስትመጣ መንገዱን ትፈራለች። ሲመሽ ስትመለስ የበለጠ ትፈራለች። መድረኩ የመንግሥት በዓል ከሆነ ደግሞ በአንዱ ወገን «የነሱ ነሽ» ትባላለች፤ ብትቀር በሌላው ወገን «ለምን ቀረሽ» ትባላለች። በነፃ የሚሠራው ሥራ ከነፍስ ሥጋት ጋር መጣ ማለት ነው። ክፍያ የለ፣ ትራንስፖርት የለ፣ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነት የሚወስድ የለ። ቢያንስ ቢያንስ «አልመጣም» የማለት መብት ሊኖራት አይገባም ወይ?

ሕዝቡ ሰላም አለ ብሎ እንዲያምን በቴሌቪዥን የሚጨፍር ወጣት ይፈለጋል። ወጣቱ ግን የሚጨፍረው በባዶ ሆዱ ነው። ትከሻውን እንጂ ሆዱን ካሜራ አያሳይም።

«በጀት የለም»

የመጨረሻው መልስ ይኸው ነው። በጀት የለም። እሺ፣ እንመን። ወረዳ ድሀ ነው፤ ይህን አልክድም። በዚህ ጊዜ የመምህሩና የጤና ባለሙያው ደመወዝም የሚዘገይበት ቦታ እንዳለ እሰማለሁ። ነገር ግን በዚያው በዓል ለድንኳን ኪራይ ይከፈላል፤ ለድምፅ ማጉያ ይከፈላል፤ ለቲሸርትና ለባነር ይከፈላል፤ ለክብር እንግዶች ምሳ ይከፈላል። የድንኳኑ ባለቤት «ለአገር ፍቅር ስል በነፃ ልትከል» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ማንም አይጠይቀውም እኮ! የድንኳን ዋጋ አለ፤ የሰው ትከሻ ግን ዋጋ የለውም። ስለዚህ የጎደለው ብሩ ሳይሆን በሂሳብ መዝገቡ ላይ ለልምምድ የተከፈተ መስመር ነው።

«ልጆቹ ራሳቸው ይወዱታል» የሚሉም አሉ። አዎን፣ ይወዱታል! ሐኪምም ሙያውን ይወዳል። ዳኛም ወንበሩን ይወዳል፤ እንዲያውም አብዝቶ። ስለወደደው ደመወዙ ይቅርበት ያለ አለ?

እንግዲህ የምጠይቀው ሰማይ ጠቀስ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አንድ ገጽ ስምምነት ይጻፍ፤ ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ በሰዓት ስንት ብር የሚል። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆን እንኳ ይጻፍ፤ የተጻፈ ትንሽ ካልተጻፈ ብዙ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የበዓል በጀት ሲያዝ የልምምድ ክፍያ ከድንኳኑና ከምሳው በፊት ይያዝ። ሦስተኛ፣ ውኃ፣ ሻይ ዳቦ፣ ለሚያመሹት የመመለሻ ትራንስፖርት ይቅረብ፤ ተማሪዎች ከመሸ በኋላ አይያዙ። አራተኛ፣ በልምምድ ላይ የተጎዳ ልጅ ሕክምናው በጠራው አካል ይሸፈን። አምስተኛ፣ የሚቀርጽ ሁሉ ፈቃድ ይጠይቅ። ስድስተኛ፣ መምጣት ያልፈለገ ያለ ቅጣት ይቅር።

ለእናንተም ለተቀባዮቹ አንድ ቃል አለኝ። ሹሙ አስቦላችሁ እስኪከፍል ብትጠብቁ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የሥራ ሁኔታችሁን ለማሻሻል የመደራጀት መብት ሰጥቷችኋል። በፍኖተ ሰላም ያላችሁት በቡሬ ካሉት፣ የቡሬዎቹ ከመራዊዎቹ ጋር ተነጋገሩ። ሃያ አምስት ሰው በአንድ ትከሻ መምታት ከቻለ በአንድ ቃል መናገር አያቅተውም። ልምምዱንማ ችላችሁታል!

ለክብር እንግዶቹ ደግሞ፤ በሚቀጥለው በዓል ከፊት ወንበር ተቀምጣችሁ ስታጨበጭቡ አጠገባችሁ ያለውን የበጀት ኃላፊ ዘወር ብላችሁ «ለእነዚህ ልጆች ስንት ተከፈላቸው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ ጭብጨባውን አቁሙ። ጭብጨባ ጤፍ አይገዛም።

ቸር ይግጠመን!